ፍለጋው ከጠረጴዛ ይጀምራል፦ ጂኦካሺንግ በእጅ ጂፒኤስና በኮምፒውተር ካርታ

የአሜሪካ መንግሥት እስከ እ.ኤ.አ. ሜይ 2000 መጀመሪያ ድረስ ለሲቪል ተጠቃሚ የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ነበር። በዚህ የተነሳ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ የሚያሳየው ቦታ ከእውነተኛው መቶ ሜትር ያህል ሊርቅ ይችል ነበር። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ማዛባቱ እንዲቆም ሲያዙ ስሕተቱ በአንድ ሌሊት ወደ አሥርና ሃያ ሜትር ወረደ። ሜይ 3 ቀን ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው ኦሪገን ውስጥ ቢቨርክሪክ አጠገብ አንድ ጥቁር ባልዲ ደበቀና የቦታውን ቁጥር በኢንተርኔት አስታወቀ፦ ሰሜን 45° 17.460′፣ ምዕራብ 122° 24.800′። ጂኦካሺንግ የሚባለው ጨዋታ የተጀመረው በዚያ ባልዲ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የተደበቁት ሳጥኖች ከሦስት ሚሊዮን በላይ ናቸው። አንዳንዱ የጥይት ሣጥን ያህላል፣ አንዳንዱ ከአውራ ጣት አይበልጥም። ሥርዓቱ ግን ብዙም አልተለወጠም። ቁጥሩን ይዞ መሄድ፣ መፈለግ፣ ውስጡ ያለው መዝገብ ላይ መፈረም፣ ዕቃ የወሰደም በእኩል ወይም በሚበልጥ ተክቶ ሳጥኑን ወደነበረበት መመለስ ነው።

መሣሪያ ሊገዛ የተነሳ ጀማሪ ስለ ሳተላይት ብዛትና ስለ አንቴና ጥራት ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሰውን ባዶ እጁን የሚመልሰው ብዙውን ጊዜ ሳተላይቱ አይደለም። ሰማዩ ግልጥ በሆነበት ቦታ የዛሬ የእጅ ጂፒኤስ የሚስተው ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ያህል ነው። ቁጥርን በተሳሳተ አጻጻፍ ማስገባት ግን ከአምስት መቶ ሜትር በላይ ሊያስት ይችላል። ዳተም የሚባለውን የካርታ ልኬት መነሻ ማምታታት ከመቶ ሜትር በላይ፣ መግነጢሳዊውን ሰሜን ከእውነተኛው መደባለቅ ሃምሳ ሜትር ያህል ሊያስት ይችላል፤ በመሃል ያለውን ወንዝ ሳያዩ መነሳት ደግሞ ግማሽ ቀን ይበላል። እነዚህ ትልልቆቹ ስሕተቶች በሙሉ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብሎ አስቀድሞ ሊታረሙ የሚችሉ ናቸው። ስለዚህ ጥንቃቄዎን ስሕተቱ ትልቅ በሆነበት ላይ ያውሉት፤ ሜዳ ላይ ደርሰው ሦስቷን ሜትር ለማጥበብ ከመሣሪያው ጋር መታገል የትም አያደርስም። ምሳሌዎቹን የምወስደው ከጋርሚን ኢትሬክስ መሣሪያዎችና ኩባንያው በነፃ ከሚሰጠው ቤዝካምፕ ከተባለው የካርታ ፕሮግራም ነው። ሌላ መሣሪያ ያለው ሰው ቁልፎቹ ቢለዩበት እንጂ አካሄዱ አይለይበትም።

መጀመሪያ ቁጥሩን ማንበብ ይልመዱ። ኬክሮስና ኬንትሮስ በሦስት መንገድ ይጻፋሉ፦ በዲግሪ ብቻ ከነአሥርዮሹ፣ በዲግሪና በደቂቃ ከነአሥርዮሹ፣ ወይም በዲግሪ፣ በደቂቃና በሰከንድ። ጂኦካሺንግ የሚሠራው በመካከለኛው ነው። የኡልመርን ባልዲ እንውሰድ። 17.460 ደቂቃ ማለት 17 ደቂቃ ከ27.6 ሰከንድ ነው፤ 0.460ን በ60 ማባዛት ይበቃል። በዲግሪ ብቻ ሲጻፍ ደግሞ 45.29100 ይሆናል። ከነጥቡ በኋላ ያለውን ሰከንድ መስሎት 17 ደቂቃ ከ46.0 ሰከንድ ብሎ የሚያስገባ ሰው 18.4 ሰከንድ ወደ ሰሜን ይስታል። አንድ የኬክሮስ ሰከንድ 31 ሜትር ያህል ስለሆነ ከባልዲው 570 ሜትር ገደማ ርቆ ይቆማል፤ መሣሪያውም ያለ አንዳች ጥርጣሬ ደርሰሃል ይለዋል። ደግነቱ የኬንትሮሱ ቁጥር ጉዱን ያወጣዋል፦ 24.800ን በዚያው መንገድ ያነበበ ሰው 80 ሰከንድ ላይ ይደርሳል፤ ከ60 የሚያልፍ ሰከንድ ደግሞ የለም። ሁለቱም ቁጥሮች ከ60 በታች የሆኑ ቀን ግን የሚያስጠነቅቅዎ ነገር አይኖርም። ስለዚህ በመሣሪያው ማስተካከያ ውስጥ የቦታ አጻጻፍ የሚለውን ከፍተው ዲግሪና ደቂቃ ከነአሥርዮሹ ላይ ያድርጉት፤ ቤዝካምፕ ላይም እንዲሁ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ካልሆኑ አንዱን ከሌላው ማመሳከር አይቻልም።

ኢትዮጵያ ሙሉ በሙሉ ከምድር ወገብ በስተሰሜን፣ ከግሪንዊችም በስተምሥራቅ ስላለች፣ አገር ቤት ጂፒኤስ የለመደ ሰው ከቁጥሩ በፊት ያለውን ፊደል ልብ የማለት ልማድ አይኖረውም። አሜሪካ ውስጥ ኬንትሮሱ ምዕራብ ነው፤ በዲግሪ ብቻ ሲጻፍም ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ይገባል። ይህችን ምልክት የዘነጋ ሰው የኦሪገንን ባልዲ ሰሜን ምሥራቅ ቻይና ሄዶ ሊፈልግ ነው። እንዲህ ያለው ስሕተት ግን ግዙፍነቱ ራሱ መድኃኒት ነው፤ ነጥቡ ኮምፒውተሩ ካርታ ላይ ሲያርፍ ማንም ያየዋል። የሚያሳስበው ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚያስተው ነው፤ በዚያው ጫካ ውስጥ፣ በዚያው መንገድ ዳር ስለሚያርፍ ትክክል ይመስላል።

ቀጥሎ ዳተሙን ይመልከቱ፤ የምድር ቅርጽና የልኬቱ መነሻ የተወሰነበት ስምምነት ማለት ነው። ጂፒኤስም ጂኦካሺንግም የሚሠሩት በደብሊውጂኤስ 84 ነው፤ አዲስ መሣሪያም ከፋብሪካ ሲወጣ እዚያው ላይ ተስተካክሎ ነው። ታዲያ ማን ይነካዋል? ቢባል፣ የወረቀት ካርታ ይዞ የሚሠራ ሰው ነው። የቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ያሳተማቸው የቆዩት 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ዳተም ስለሆነ፣ በእነርሱ የሚጠቀም ባለሙያ መሣሪያውን ወደ አዲንዳን ይቀይረዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ኢትዮጵያ ውስጥ ከመቶ ሜትር ይበልጣል። ከሥራ ቦታ የተዋሱት ወይም በሰው እጅ የቆየ መሣሪያ ከሆነ እንግዲህ ይህን ሳያዩ ከቤት አይውጡ። አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ፦ ይህ ማስተካከያ የሚነካው በእጅ የሚያስገቡትንና ከስክሪኑ የሚያነቡትን ቁጥር ብቻ ነው። ጂፒኤክስ የሚባለው ፋይል በውስጡ የሚይዘው ሁልጊዜ ደብሊውጂኤስ 84ን ስለሆነ በፋይል የተላለፈ ነጥብ አይዛባም።

እዚህ ላይ አንባቢ፣ እንዲያ ከሆነ ሁሉንም በፋይል አስተላልፌ ከቁጥሩ ጣጣ ለምን አልገላገልም? ሊል ይችላል። በአብዛኛው ትክክል ነው፤ እኔም የምመክረው ፋይሉን ነው። ነገር ግን ብዙ ደረጃ ያላቸው ፍለጋዎች አሉ። የመጀመሪያው ቦታ ላይ ያለ የድንጋይ ጽሑፍ ወይም የድልድይ ቁጥር ተነብቦና ተደምሮ የሁለተኛው ቦታ ቁጥር ይወጣል፤ ያንን የሚያስገቡት በገዛ ጣትዎ፣ ጫካ መሃል ቆመው ነው። የአጻጻፍም የዳተምም ስሕተት የሚጠብቀው ያቺን ሰዓት ነው።

ፋይሉን በተመለከተ ሁለት ዓይነት ያጋጥምዎታል። ሎክ የሚባለው በዋናነት ስምና ቦታ ብቻ ይይዛል፤ ጂፒኤክስ ግን መግለጫውን፣ ፍንጩን፣ የክብደት ደረጃውንና የቅርብ ጎብኝዎችን ማስታወሻ ጨምሮ ይሸከማል። በጨዋታው ድረ ገጽ ላይ የሚከፈልበት አባልነት ያለው ሰው በአንድ ጥያቄ እስከ 1000 የሚደርሱ ሳጥኖችን በጂፒኤክስ ማውረድ ይችላል። ሺህ ሳጥን ማውረድ ግን ዕቅድ አይደለም። ቤዝካምፕ ውስጥ አንድ ፎልደር፣ ከሥሩም ለዕለቱ አንድ ዝርዝር ይፍጠሩና የሚሄዱባቸውን ብቻ ወደዚያ ያስገቡ። ሲመርጡ ሁለቱን ደረጃዎች ይዩ፤ አንዱ የፍለጋውን፣ ሌላው የመሬቱን አስቸጋሪነት ከ1 እስከ 5 ይለካል። ለጀማሪ ሁለቱም ከ2 ባይበልጡ ይሻላል። ከዚያ በላይ የሚጠቅመው ግን የቅርብ ጊዜ ማስታወሻዎችን ማንበብ ነው። የመጨረሻዎቹ ጎብኝዎች በተከታታይ አላገኘንም ካሉ ሳጥኑ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ በሌለ ዕቃ ላይ ቀን ማጥፋት የለብዎትም።

አሁን ካርታው ላይ ደረስን፤ የዝግጅቱ እምብርትም ይኸው ነው። መሠረታዊ ካርታ ብቻ የተጫነበት መሣሪያ ከዋና ዋና መንገዶች በቀር ብዙ አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ2004 ከተጀመረው ከኦፕን ስትሪት ማፕ የተሠሩ፣ ለጋርሚን መሣሪያ የተዘጋጁ ነፃ ካርታዎች ስላሉ የሚሄዱበትን አካባቢ አውርደው ይጫኑ፤ የእግር መንገዱን ብቻ ሳይሆን የከፍታ መስመር ያለውን ይምረጡ። የጂፒኤስ ቀስት የሚያመለክተው ቀጥታ መስመር ነው፤ ቀጥታ መስመር ደግሞ ገደልም ወንዝም የሰው አጥርም አያውቅም። ለምሳሌ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ሳጥኑ 400 ሜትር ቢሆንና በመካከሉ በየ20 ሜትሩ የተሰመሩ ስድስት የከፍታ መስመሮች ተጠጋግተው ቢታዩ፣ 120 ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ዳገት ይጠብቅዎታል ማለት ነው። ከጀርባ በኩል የሚዞረው የእግር መንገድ 1.5 ኪሎ ሜትር ቢሆንም መስመሮቹን አንድ በአንድ፣ ተራርቀው የሚያቋርጣቸው ከሆነ በእሱ የሄደ ሰው ቀድሞ ይደርሳል፣ ሣርና ችግኝም አይረግጥም። ቤዝካምፕ ላይ በእግር መንገዱ ተከትለው ትራክ ይሳሉ፤ ፕሮግራሙ የከፍታውን ግራፍ ያወጣልዎታል። ከዚያ ሦስት ነጥብ ይትከሉ፦ መኪና የሚቆምበት፣ ከዋናው መንገድ የሚገነጠሉበት፣ ወንዝ ካለም ድልድዩ። ሜዳ ላይ የሚጓዙት ወደ ሳጥኑ ሳይሆን ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው ነው፤ ሳጥኑን ዒላማ የሚያደርጉት መጨረሻ ላይ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ በቤት ከጨረስን ጨዋታው ምን ጣዕም ቀረው? የሚሉ አሉ። ተቃውሞው የሚያስኬድ የሚሆነው ካርታው ሳጥኑን የሚያሳይ ቢሆን ነበር። አያሳይም። ከሳተላይት የተነሳ ፎቶ ላይ የሚታየው የዛፍ አናት ነው፤ የዛፉ ሥር፣ የግንዱ ፍንክት፣ የድንጋዩ ውስጥ ለፈላጊው ዓይን የተተወ ነው። ዝግጅቱ የሚያስቀረው የማንም ደስታ ያልሆነውን፣ ከወንዝ ማዶ ቆሞ ሳጥኑ ያለበትን ዛፍ በዓይን እያዩ መመለስን ነው። መግለጫው ላይ ያለውን ፍንጭ ግን ቀድሞ አለመክፈት ይቻላል፤ እሱን ለሚፈልገው ሰዓት ማቆየት የራስ ምርጫ ነው።

ማስተላለፉ አጭር ሥራ ነው። መሣሪያውን በዩኤስቢ ገመድ ያገናኙ፤ ቤዝካምፕ ውስጥ በግራ በኩል ስሙ ሲወጣ ዝርዝሩን ወደ መሣሪያው ይላኩ። ኮምፒውተሩ መሣሪያውን እንደ ፍላሽ ስለሚያየው ጋርሚን በሚለው ፎልደር ውስጥ ጂፒኤክስ ወደሚለው ፋይሉን በቀጥታ መገልበጥም ይቻላል። ገመዱን ከመንቀልዎ በፊት በሥርዓቱ ያላቅቁት። ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚዘለው እርምጃ አለ፤ መሣሪያውን ብቻውን አብርተው አንድ ሳጥን ይክፈቱና የመጨረሻ ሦስት አኃዞቹን ከኮምፒውተሩ ጋር ያስተያዩ፣ ከቤትዎ ያለውንም ርቀት ይመልከቱ። አሥር ኪሎ ሜትር መሆን የሚገባው አሥር ሺህ ካለ ስሕተቱን ገና ጫማ ሳያስሩ አገኙት። ኢትሬክስ 22ኤክስና 32ኤክስ በሁለት ድንጋይ 25 ሰዓት ያህል ይሠራሉ፤ በማስተካከያው ውስጥ የባትሪውን ዓይነት ካልነገሩት የሚያሳየው የባትሪ መጠን አይታመንም። ከአንድ አህጉር ወደ ሌላ የተሻገረ መሣሪያ የሳተላይቶቹን የምሕዋር መረጃ እንደገና መቀበል ስላለበት ከመነሳትዎ በፊት ጥቂት ደቂቃ ገላጣ ቦታ ላይ ያስቀምጡት።

ስልክ እያለ ይህ ሁሉ ለምን? ይህ ከባዱ ተቃውሞ ነው፤ በትክክለኛነት ብቻ ከተከራከርን ስልኩ አይሸነፍም። ከእ.ኤ.አ. 2018 ወዲህ በሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚቀበሉ ስልኮች ወጥተዋል፤ በከተማ መናፈሻ ውስጥ ለሚደረግ ፍለጋ ስልክ በቂ ነው። የእጅ ጂፒኤስ ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ድንጋዩን በየሱቁ ገዝተው ይቀይሩታል፣ በዝናብና በጓንት ይሠራል፣ ኔትወርክ በሌለበትም ካርታው ከእሱ ጋር ነው፣ ቢወድቅም የስልክ ያህል አያስደነግጥም። ከሁሉ በላይ ግን ስልክ ሁሉንም ነገር በትንሽ ስክሪን፣ እዚያው ቆመው፣ በችኮላ እንዲወስኑ ያደርጋል፤ የእጅ ጂፒኤስ ደግሞ ከኮምፒውተር ጋር የተጣመረ ስለሆነ ቀድመው እንዲያስቡ ያስገድዳል። ስልክ ብቻ ያለው ሰውም ቢሆን ካርታውን ቤቱ በትልቁ አይቶ፣ ለኔትወርክ አልባ አገልግሎት አውርዶ ቢወጣ እዚሁ ደረጃ ላይ ይደርሳል። ክርክሩ ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ ቅደም ተከተሉ ነው።

ሜዳ ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ የመኪናዎን ቦታ ምልክት ያድርጉ። ኢትሬክስ 22ኤክስ የመግነጢስ ኮምፓስ ስለሌለው አቅጣጫ የሚያውቀው ሲንቀሳቀሱ ብቻ ነው፤ ሲቆሙ ቀስቱ ቢባዝን መሣሪያው ተበላሸ ማለት አይደለም። 32ኤክስ ኮምፓስ አለው፤ ባትሪ በቀየሩ ቁጥር ማስተካከል ግን ይፈልጋል። ርቀቱ ወደ አሥር ሜትር ሲወርድ የመሣሪያው ሥራ አብቅቷል። ምክንያቱም የእርስዎ ስሕተት አምስት ሜትር ቢሆን፣ ሳጥኑን የደበቀውም ሰው ሲለካ አምስት ሜትር ስቶ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ ከተደመሩ ፍለጋው ራዲየሱ አሥር ሜትር የሆነ ክብ፣ ማለትም ከ300 ካሬ ሜትር በላይ ነው። ዜሮ የሚል ቁጥር ለማግኘት ወዲያ ወዲህ ማለት ትርፉ ድካም ነው። ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ ወይም ገደል ሥር ምልክቱ እየተንጸባረቀ ስለሚመጣ ክቡ ከዚህም ይሰፋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሠላሳ ሜትር ያህል ወደ ገላጣ ቦታ ይመለሱና ቀስቱ የሚያመለክተውን ዛፍ ወይም ድንጋይ በዓይንዎ ይያዙ፤ ከዚያ ከሌላ ጎን ዞረው እንደገና ያድርጉት። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት አካባቢ ይጀምሩ። መሣሪያውን ኪስ ከተው ተፈጥሮ ያላደረገችውን ይፈልጉ፦ ተስተካክለው የተደረደሩ ድንጋዮች፣ አለቦታው የተጋደመ ቅርፊት፣ ሌላው ዛፍ ሁሉ የሌለው ቀጥ ያለ የጭራሮ ክምር። አፈር አይቆፍሩ፤ ያለ መሬቱ ባለቤት ፈቃድ ቆፍሮ መቅበር በጨዋታው ሕግ ክልክል ስለሆነ ፍለጋው መቆፈርን አይጠይቅም።

ከዚህ 200 ሜትር ርቀት፣ በ60 ዲግሪ አቅጣጫ የሚል ደረጃ ካጋጠመዎ መሣሪያው ከቆሙበት ነጥብ ተነስቶ አዲሱን ነጥብ ያሰላልዎታል። ከማስላቱ በፊት ግን 60ው ከየትኛው ሰሜን እንደተለካ መግለጫውን ያንብቡ። ኢትዮጵያ ውስጥ በመግነጢሳዊውና በእውነተኛው ሰሜን መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ብዙ አይታወቅም፤ ፖርትላንድና ሲያትል አካባቢ ግን 15 ዲግሪ ይጠጋል። በ200 ሜትር ላይ 15 ዲግሪ ወደ ጎን ሃምሳ ሜትር ይወስዳል። የሰሜኑ ዓይነት በመሣሪያው የአቅጣጫ ማስተካከያ ውስጥ ይገኛል፤ በቤት ሳሉ የት እንዳለ አይተው መውጣት ይጠቅማል።

ሲመለሱ መሣሪያውን መልሰው ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኙ። ሜዳ ላይ አገኘሁ ወይም አላገኘሁም ብለው የመዘገቡት በአንድ የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል፤ የተራመዱበት ትራክም አለ። ያንን ትራክ ካቀዱት ጎን ለጎን ካርታው ላይ ያድርጉት። የተለያዩበት ቦታ ካርታው ያላወቀው አጥር ወይም እርስዎ ያላዩት መታጠፊያ ነው፤ ካርታው ከተሳሳተ ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ማረም ይቻላል። ጥቂት ካገኙ በኋላ የራስዎን ሳጥን መደበቅ ቢያምርዎ ሥራው እንደገና ከካርታው ይነሳል፦ ከሌላ ሳጥን ቢያንስ 161 ሜትር መራቁን ለክተው፣ ቦታው የማን እንደሆነ አጣርተው፣ ፈቃድ ጠይቀው። አሜሪካ ውስጥ በብሔራዊ ፓርኮች ያለ ፈቃድ ዕቃ መደበቅ አይቻልም፤ ትምህርት ቤት አጠገብም አይሁን። ቁጥሩን ሲወስዱ ደግሞ አንዴ ለክተው አይበቃም። ጋርሚን ለዚሁ ነጥብን በአማካይ የሚወስድ አሠራር አለው፤ ከአራት እስከ ስምንት ጊዜ፣ በየመሃሉ ቢያንስ 90 ደቂቃ እየቆዩ መለካትን ይመክራል። ሳተላይቶቹ በዚያ መሃል ቦታ ስለሚቀያየሩ የአንዱ ሰዓት ስሕተት የሌላውን በከፊል ያጣፋዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ፈላጊ የሚዞርበት ክብም በዚያው መጠን ይጠባል።